«እየጻፈ ነው…»

የቀጥታ ውይይት ሣጥን በኢንተርኔት ሱቅ ገጽ ላይ፣ ከታች በስተቀኝ ጥግ የሚቀመጥ፣ አልፎ አልፎም የሚነቀነቅ ክብ ነገር ነው። ነጋዴዎች ላይቭ ቻት ይሉታል። ሁለት ተግባራት አሉት። አንደኛው ሸማቹ ሊያየው የመጣውን የዋጋ ጽሑፍ መሸፈን ነው፤ ሁለተኛው ሸማቹን ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ነው። ሸማቹ የሚፈልገው ዋጋውን ማየት ስለሆነ ሁለቱ ተግባራት ይደጋገፋሉ።

«ቀጥታ» የሚለው ቃል በዚህ ሙያ የተለየ ትርጉም አለው። በሬዲዮ ቀጥታ ስርጭት ሲባል ተናጋሪው አሁን እየተናገረ ነው ማለት ነው። በሱቅ ገጽ ላይ ግን ቀጥታ የሚባለው ሸማቹ አሁን እየጠበቀ መሆኑ ነው። የሻጩ ወገን አሁን የት እንዳለ ቃሉ አይገልጽም።

የሣጥኑ አያት ኤሊዛ ትባላለች። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ያስተዋወቃት ፕሮግራም ናት። ኤሊዛ አንዳች ነገር አታውቅም ነበር። የሰውየውን ቃል ተቀብላ በጥያቄ መልክ ትመልስለታለች፤ «አዝኛለሁ» ላላት «ለምን አዘኑ?» ትላለች። ሰዎች ምስጢራቸውን ያጫውቷት ጀመር። ፈጣሪዋ በዚህ ደንግጦ በ1976 እ.ኤ.አ. ማሽን ሊሠራው የማይገባ ሥራ እንዳለ የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ ጻፈ። የሱቅ ባለቤቶች ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወሰዱት ትምህርት አንድ ነው፦ የሚያናግረው ምንም ባያውቅም ሰው ያወራል። ኤሊዛ በተወለደችበት ሰሞን፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የደብረ ማርቆስ አካባቢው ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመዋል። በዚያ መጽሐፍ ጉዱ ካሳ እውነት እየተናገረ ሰሚ በማጣቱ እንደ እብድ ይቆጠራል። በሣጥኑ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ በደል የለም፤ ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም በትሕትና ይመሰገናል፣ የሚገባው ብቻ ጠፍቷል።

ጎጃም ደጋ ላይ ሣጥኑ ከመምጣቱ በፊትም ገበያ ነበር። ለማመን ቢከብድም ሰው ይገዛ ይሸጥ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ በጮቄ ተራራ ሥር ያለችው ረቡዕ ገበያ የሥራ ቀኗን በስሟ ይዛለች። «አሁን ከመስመር ውጪ ነን» የሚል ማስታወቂያ አያስፈልጋትም፤ ሐሙስ የሄደ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚህ ኋላ ቀር አሠራር ገዢ «ስንት ነው?» ይላል፣ ሻጭ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢ ይሥቃል፣ ሻጭ ይምላል፣ ገዢ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ሻጭ ይጠራዋል። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ጤፍ ሻጯ ቁናውን ሰፍራ ስታበቃ በእፍኟ ምርቃት ትጨምራለች። ሣጥኑም ምርቃት አለው፤ ውይይቱ ሲያልቅ እጆቿን ያጋጠመች ቢጫ ምስል ይልካል።

የቋንቋው ጉዳይም ችግር ፈጥሮ ነበር። በአማርኛ «ደንበኛ» የሚባለው ወደ ሱቅ የገባ ሁሉ አይደለም። ቃሉ ከ«ደንብ» የወጣ ነው፤ በገዢና በሻጭ መካከል ሥርዓት ያለው ነገር መኖሩን ያመለክታል። ጎጃሜ ነጋዴ «ደንበኛዬ» ያላትን ሴት ስሟን ያውቃል፣ ባለፈው የወሰደችው በርበሬ ድንጋይ እንደነበረበት ያስታውሳል፣ በዚህኛው ይክሳታል። ሣጥኑ ይህን አድካሚ ግንኙነት አቃልሎታል። ለእሱ ገጹን የከፈተ ሁሉ ደንበኛ ነው፤ ስሙም «ጎብኚ 4417» ነው፤ ነገ ሲመለስ «ጎብኚ 4502» ይሆናል።

የአተካከሉ ነገር ቀላል ነው። ከውጭ አገር ድርጅቶች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚገኝ ጥቂት መስመር ኮድ በገጹ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፤ ሥራው አሥር ደቂቃ አይወስድም። ኮዱ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከባሕር ማዶ ሰርቨር ሥዕሉንና ድምፁን ይጠራል። ደካማ ኔትወርክ ባለበት ሣጥኑ ከዕቃው ፎቶ ቀድሞ ሲደርስ ይታያል፤ ሸማቹ ገና ምን እንደሚሸጥ ሳያይ ስለ ምን መጠየቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ለዚህ የሚያልቀው ዳታ ከሸማቹ ጥቅል ላይ የሚቀነስ በመሆኑ ሱቁን ምንም አያስወጣውም። ኮዱ ከተለጠፈ በኋላ የቀረው የሚመልስ ሰው መቅጠር ነው። ይህኛው ደረጃ አማራጭ ነው፤ አብዛኛው ሱቅ ይዘለዋል።

ሰው ባይቀጠርም ፊት ያስፈልጋል። ለዚህ ሲባል ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች፣ ጥርሷ የነጣ ሴት ፎቶ ይመረጣል፤ ሣራ ትባላለች። ሣራ ለሽያጭ ከሚቀርብ የፎቶ ክምችት የመጣች ናት። በተመሳሳይ ሰዓት በብዙ አገር፣ በብዙ ሱቅ፣ በብዙ ስም ትሠራለች፤ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ መልሳም አታውቅም።

ከሣራ ጋር ለመነጋገር አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፦ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል። ምክንያቱ ውይይቱ ቢቋረጥ ለመደወል ነው ይባላል። እዚህ ላይ የአገሩን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ጎጃም ውስጥ ከሩቅ መጥቶ ስምና ይዞታ የሚመዘግብ ሰው መልካም ትዝታ አልተወም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መዝጋቢ ሲላክ ገበሬው ሸፈተ፤ መንግሥት አውሮፕላን እስከ ማዝመት ደረሰ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ምረው አገረ ገዥውን አነሡ። የምጣድ ዋጋ ለመጠየቅ መመዝገብ ያን ያህል አመፅ አላስነሣም። ሸማቹ ገጹን ዘግቶ ወደ መርካቶ ለሚሄድ ጎረቤት ገንዘብ ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስምና ስልክ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን እንደሚሰበስበው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ለዚህ የሚሆን መልስ ሣጥኑ ውስጥ አልተሞላም፤ የተጠየቀ እንደሆነ «ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን» ይላል።

የውይይቱ ሂደት በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ደጀን ያለች አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ምጣድ ፎቶ አይታ ወደደች እንበል። ጥያቄዋ አንድ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ እስከ አራት ሺህ ዋት የሚደርስ አለ። የቤቷ መስመር ይህን መሸከሙን ለማወቅ ዋቱን ማወቅ አለባት፤ ካልሆነ የሚጋገረው እንጀራ ሳይሆን ሽቦው ነው። ገጹ ላይ ዋቱ አልተጻፈም፤ «እጅግ ዘመናዊ» የሚል ተጽፏል። ስለዚህ ትጽፋለች፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋላችሁ?» ሣጥኑ ወዲያው ይመልሳል፦ «ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁትም። ከሚከተሉት ይምረጡ፦ ግዢ፣ ክፍያ፣ ማድረሻ፣ ሌላ።» ደኅንነትን የሚመለከት ምርጫ የለም። እሷም ያደገችበትን አትተውምና «ደኅና ናችሁ ወይ? ሥራ እንዴት ነው?» ትላለች። «ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁትም።» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደኅና ነን።» «ክፍያን መርጠዋል።»

ጎጃም ላይ ሰላምታ ወደ ጉዳይ የሚገባበት በር ነው። ሰውየው፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ተራ በተራ ካልተጠየቁ ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር ነው። በዚህ መካከል ሻጭና ገዢ አንዱ ሌላውን ይመዝናል፤ የሚዋሸውና የማይዋሸው የሚለየውም እዚያው ነው። ሣጥኑ ይህን ሁሉ የጊዜ ብክነት ብሎ አስወግዶታል። የተረፈውን ጊዜ ምን እንዳደረገው ግን የሚከተለው ያሳያል። እናቲቱ በመጨረሻ «ምጣዱ ስንት ዋት ነው?» ብላ ትጽፋለች። ሦስት ነጥቦች ይዘላሉ፦ «ሣራ እየጻፈ ነው…» ይላል፤ ሣራ በዚህ ገጽ ላይ ወንድ ናት። ነጥቦቹ ይዘላሉ። አንዳንዱ ሣጥን መልሱ ተዘጋጅቶ እያለ ሰው ለመምሰል ሲል ብቻ እንዲህ እንደሚያስጠብቅ በሙያው የታወቀ ነው፤ ማሽን ሰው ለመምሰል ከመረጣቸው ጠባዮች አንዱ መዘግየት መሆኑ ለሰው ልጅ የሚያስደስት አይደለም። እናቲቱ ስልኳን አስቀምጣ ቡናው እንዳይገነፍል ተነሥታ ትሄዳለች። ስትመለስ ሁለት ጽሑፍ ይጠብቃታል። አንዱ «በቅርቡ እንመልስልዎታለን» ይላል። ሁለተኛው «ለሁለት ደቂቃ ምላሽ ስላልሰጡ ውይይቱ ተዘግቷል» ይላል።

በዚህ ሥርዓት የመጠበቂያ ጊዜ እንደየወገኑ ነው፤ ሱቁ ሁለት ደቂቃ ይታገሣል፣ ሸማቿ ሁለት ቀን።

ከአክብሮት አጠራር ጋር ያለው ትግል ለብቻው መታየት አለበት። አማርኛ ግሥ ላይ ሰውየውን ሳይለዩ መናገር አይቻልም፤ ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ብዙ ናቸው፣ ግሡ ይጠይቃል። ሣጥኑ የተወለደበት ቋንቋ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል። ስለዚህ ትርጉሙ ሲሠራ አንድ አዲስ ፍጡር ተገኘ፦ «ምን ልርዳህ/ሽ/ዎ?» ይህ በሁለት ሰረዝ የተሰነጠቀ ሰው በሰዋስው መጻሕፍት አይታወቅም። ጎጃም ላይ ጉዳዩ ይብሳል፤ ለሽማግሌና ለካህን «አንቱ» የሚባልበት አገር ነው። ቅኔ ቤት ያረጁ መሪጌታ ጋቢ ሊገዙ ገጹን ቢከፍቱ «ሄይ ወዳጄ! ዛሬ ምን ትፈልጋለህ?» ይባላሉ። መሪጌታ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ይቀየራል።

እሳቸው ቢመልሱም የሚገባው የለም። ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ዋሸራ፣ ከደብረ ኤልያስ እስከ ጎንጅ ቅኔ ሲዘረፍበት በኖረ አገር ሰው የሚናገረውን ሁሉ ፊት ለፊት አይናገርም። ሰሙ ለጆሮ ነው፣ ወርቁ ለሚገባው። ጋቢው ውድ የሆነበት ሰው «ጥሩ ነው፣ እንግዲህ እናስብበታለን፣ እግዜር ያክብራችሁ» ብሎ ይጽፋል። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ እንኳ ይህ «አልገዛም» እንደሆነ ያውቃል። ሣጥኑ ግን «ጥሩ» የምትለዋን ቃል ነጥሎ «አዎንታዊ» ብሎ ይመዘግባል፣ «ዕቃው ወደ ዘንቢልዎ ገብቷል» ይላል፣ ለሦስት ሳምንትም «ጋቢውን ረስተውታል!» የሚል መልእክት ይልካል። አልተረሳም፤ ዋጋው በሚገባ ይታወሳል።

የሥራ ሰዓቱም ግልጽ ሆኖ ተጽፏል፦ «ከ9:00 እስከ 5:00»። ይህን የጻፈው ሰው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ማለቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው አንባቢ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ማታው አምስት ብሎ ያነበዋል። ሁለቱ የሚገናኙት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ ማለትም በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያ ሁለት ሰዓት መልስ ሰጪው ሒሳብ ይዘጋል። ኔትወርኩ የራሱ ሰዓት አለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። አዲስ አበባ ባሉ ገጾች ላይ ሣጥኖቹ በዚያ ጊዜ ሁሉ እየተነቀነቁ «ምን ልርዳዎ?» ሲሉ ነበር። እንዲህ ያለው ዝምታ በሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ሆኖ ይገባል፤ ዜሮው ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ያልጠየቀ ሰው ጥያቄ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ቅሬታ ለመቀነስ ከዚህ የበለጠ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

በእርግጥ የኢትዮጵያ የኢንተርኔት ገበያ ከሞላ ጎደል የሚውለው ድረ ገጽ ላይ ሳይሆን ቴሌግራም ላይ ነው። ሻጩ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሥር ስልክ ይጽፋል፤ ገዢው በቴሌብር ወይም በባንክ ልኮ የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ይህ መንገድ ተጠርጓል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ከዚያ በፊት ወጥቶ ነበር። ሥራው ይሠራል። ይህ ዝቅ ያለ አሠራር ያሳፈረው ነጋዴ ነው ድረ ገጽ አሠርቶ ሣጥን የሚያስተክለው። ከቴሌግራም ይዞት የሚመጣው ግን አንድ ልማድ ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋን መደበቅ።

ልማዱ እንዲህ ነው። የዕቃው ፎቶ ከአራት ማዕዘን ተነሥቶ ይለጠፋል፤ ቀለሙ፣ አገሩ፣ ጥራቱ ይዘረዘራል። ዋጋ የለም። አንድ ሰው «ዋጋ?» ይላል፤ «በውስጥ መስመር አናግሩን» ይባላል። ሁለተኛው «ዋጋ?» ይላል፤ «በውስጥ መስመር»። አርባ ሰው ይጠይቃል፤ አርባ ጊዜ ያው መልስ ይጻፋል። ዋጋውን አንዴ ለመጻፍ አራት አኃዝ ይበቃ ነበር፤ እሱን ላለመጻፍ አርባ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። የደብረ ማርቆስ ባለሱቅ ይህን ፈርቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ስኳሩ ላይ ይሰካል። የኢንተርኔት ነጋዴ ግን «ውስጥ» የሚባል ቦታ አግኝቷል፤ እዚያ አዋጅ አይደርስም፣ ጎረቤት ሻጭ አያይም፣ ለአዲስ አበባው አንድ ዋጋ፣ ለጎጃሙ ሌላ፣ ከዋሽንግተን ለእናቱ ለሚገዛው ደግሞ ሦስተኛ ዋጋ መጥራት ይቻላል። ሣጥኑ ይህን «ውስጥ» የሚያምር በር ሠርቶለታል። ሰው ለማናገር የተተከለ ይመስላል፤ የተተከለው ገጹ መናገር ያለበትን ዝም እንዲል ነው። ዋቱ፣ ዋጋው፣ የመላኪያው ሒሳብ፣ የሚመለስበት ሁኔታ ገጹ ላይ ቢጻፉ ሣጥኑን የሚጠይቀው ሰው ባልኖረም ነበር። ይህ ለሙያው አደገኛ ሐሳብ ስለሆነ በሥልጠናዎች ላይ አይነሣም።

መልስ ሰጪ ሰው መቅጠር የከበደው ሱቅ አሁን ሌላ ተስፋ አግኝቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ሮቦት። ይህኛው ዝም አይልም። ችግሩ ከዝምታ ወደ ንግግር መሸጋገሩ በካናዳ በሚገባ ታይቷል። አንድ ተሳፋሪ ለአያቱ ለቅሶ ሊሄድ ኤር ካናዳን ጠየቀ፤ የድረ ገጹ ሮቦት ለለቅሶ ቅናሽ ከበረራው በኋላም ማመልከት እንደሚቻል ነገረው፤ ሐሰት ነበር። ሰውየው ሲከስ አየር መንገዱ ሮቦቱ ለገዛ ቃሉ ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ አድርጎ ተከራከረ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ችሎት በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ይህን አልተቀበለም፤ ከስምንት መቶ ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ። ለቅሶ ደራሽን ለሚያከብር ጎጃሜ ጉዳዩ ችሎት ባላስፈለገው ነበር፤ ክርክሩ ግን በጥሞና ሊጠና ይገባዋል፤ ቃል የሰጠ ነጋዴ ሣጥኑን አስሮ ሊያቀርብ የሚችልበትን ዘመን አሳይቷልና። በዚያው ወር የስዊድኑ የክፍያ ድርጅት ክላርና ሮቦቱ የ700 ሰው ሥራ እንደሚሠራ በኩራት አስታወቀ። በዓመቱ የድርጅቱ አለቃ የአገልግሎቱ ጥራት መውረዱን አምነው ሰው መቅጠር ጀመሩ። የእኛ ነጋዴዎች የሰሙት የመጀመሪያውን ዜና ነው።

የሣጥኑ ስኬት የሚለካው በኮከብ ነው። ውይይቱ ሲዘጋ «ምን ያህል ረኩ?» የሚል ጥያቄ አምስት ኮከብ ይዞ ይወጣል። መልስ ያላገኘ ሰው እስከዚያ ድረስ ስለማይቆይ የሚጠየቁት መልስ ያገኙት ናቸው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው። ገበያ ውስጥ ይህ መለኪያ ሌላ ስም አለው፤ ሰውየው በሚቀጥለው ረቡዕ ተመልሶ ይመጣል ወይም አይመጣም።

ዕቃው ከተገዛ ደግሞ መላክ አለበት። እዚህ ላይ ሣጥኑ ሥራውን ጨርሶ ይሰናበታል። ምጣዱ በካርቶን ታስሮ፣ የተቀባይ ስልክ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፎበት፣ ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከል ላይ አባይ በረሃ አለ፣ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን መውጣት። ሸማቿ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብላ ገጹ ላይ ብትጽፍ «በሂደት ላይ ነው» ይላታል። ለረዳቱ ብትደውል ያነሣል። በሞተሩ ጩኸት መካከል «እናቴ፣ ድልድዩን አልፈናል፣ አቀበቱን ጀምረናል፣ አንድ ሰው መናኸሪያ ይቁምልሽ» ይላታል። ስልክ ኢትዮጵያ ከገባ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ረዳቱም ስለ ደንበኛ አገልግሎት ሥልጠና አልወሰደም። ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ አይገኝም።

ስለ ሣጥኑ መጨረሻ የሚባለው ትንሽ ነው። ሱቁ ሲከስር ቤቱ ይለቀቃል፣ ዕቃው በሐራጅ ይሸጣል፣ ሠራተኛ ካለ ይሰናበታል፤ ኮዱን የሚነቅል ግን የለም፤ ማን እንደለጠፈው የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል። የገጹ ኪራይ እስኪያልቅ ድረስ ሣራ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆማ ፈገግ ትላለች። በሩ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ካርቶን ለጥፎ የነበረው የድሮ ባለሱቅ ቢያንስ ሲዘጋ ካርቶኑን ይዞ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ከደጀን የምትጽፍ እናት ብትመጣ፣ ዋቱን ብትጠይቅ፣ ሦስቱ ነጥቦች ይዘላሉ።